ሻኛና ሽሮ፤ የሥጋና የጾም ክርክር በታሪክ ፊት

በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ሽሮ ሜዳ የሚባል ሰፈርና ሸጎሌ የሚባል የከብት ገበያ ይገኛሉ። የመጀመሪያው በእንጦጦ ግርጌ ያለ፣ በሸማኔዎች ጥበብ ስሙ የተጠራ ሰፈር ነው። ሁለተኛው የመዲናይቱ ሕዝብ ለበዓል የሚያርደውን ሰንጋ ከሚገዛባቸው ዋና ዋና ገበያዎች አንዱ ነው። አንዱ በስሙ የጾምን ገበታ፣ ሌላው በሥራው የፍስክን ገበታ ያስታውሱናል። በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚኖሩት እነዚህ ሁለት ስፍራዎች በሥጋ ቤት ደጃፍ፣ በመሥሪያ ቤት ክበብና በሠርግ ቤት ሳይቋረጥ የሚካሄደውን አንድ የቆየ ክርክር በካርታ ላይ የሣሉት ይመስላሉ።

ክርክሩን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። የሥጋው ወገን ኃይልና ወኔ ከሥጋ ይገኛል፣ አባቶቻችን አዳኞችና ጦረኞች ስለ ነበሩ ሥጋ በላተኞች ነበሩ፣ ጾም ግን ክንድን ያዝላል፣ ሥራን ያስፈታል ይላል። የጾሙ ወገን በበኩሉ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ይህን ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት አኑረውታል፤ በሽታና ስንፍና የሚመጡት ከጥጋብ ነው ሲል ይመልሳል። በቅርብ ዘመን ደግሞ ሦስተኛ ወገን ተጨምሯል። ይህ ወገን በሃይማኖት ሥርዓት ሳይሆን ለእንስሳት በማዘን ወይም ለጤና በማሰብ ከሥጋ የራቀ ሲሆን፣ በውጭ ሀገር በሚገኙ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በያይነቱን አግኝቶ ከኢትዮጵያውያኑ ይበልጥ ያመሰግነዋል። ሦስቱም ወገኖች ታሪክን ለምስክርነት ይጠሩታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምስክሩ በእርግጥ የሚናገረውን መስማት ነው።

በመጀመሪያ አዳኙን እንጠይቅ። በቀድሞው ሥርዓት በክርስቲያኑ ደጋ ኅብረተሰብ ዘንድ ታላቅ ክብር ያስገኝ የነበረው አደን ዝሆንን፣ አንበሳን፣ ጎሽንና አውራሪስን መግደል ነበር። አዳኙ ከቆላ ሲመለስ በፉከራና በዘፈን ይቀበሉታል፤ ራሱን ቅቤ ይቀባል፤ አንበሳ የገደለ ጎፈሩን ይደፋል። ዝሆን ከገደለም ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ ለገዥው ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ፉከራ ወደ ወጥ ቤት አያደርስም። ዝሆን፣ አንበሳና አውራሪስ የማያመሰኩ በመሆናቸው በኦሪቱ ሥርዓት ርኩሳን ናቸው፤ ሥጋቸው አይበላም። ከአራቱ መካከል ሰኮናው ስንጥቅ የሆነውና የሚያመሰኳው ጎሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ በየዘፈኑ የተነሣው አዳኝ የገደለውን በአብዛኛው ለጅብና ለአሞራ ትቶ፣ ጅራቱንና ጥርሱን ይዞ፣ ስንቁን እየበላ የተመለሰ ሰው ነው። የሥጋ በላተኞች ወገን የመጀመሪያ ምስክራቸው አድርገው የሚያቀርቡት አዳኝ፣ ቀርቦ ሲጠየቅ፣ የያዘው ስንቅ ቆሎና በሶ ሆኖ ይገኛል።

ያደነውን በእርግጥ ይበላ የነበረው አዳኝስ? እርሱ ክብር አላገኘም። በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖሩትና በታንኳ ሠሪነታቸው የሚታወቁት ወይጦዎች ጉማሬ እያደኑ ሥጋውን ይመገቡ ነበር። ጉማሬን መግደል ከጎሽ አደን ያነሰ ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ዳሩ ግን ጉማሬ በመብላታቸው ምክንያት ጎረቤቶቻቸው አብረዋቸው ማዕድ አይቆርሱም፣ አይጋቡም ነበር። አንዱ ለስም ሲገድል ጀግና፣ ሌላው ለራት ሲገድል የተናቀ ሆነ። ከዚህ የምንረዳው አደን በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ የምግብ ምንጭ ሳይሆን የማዕረግ መሰላል እንደ ነበረ ነው። መሰላሉ ደግሞ ርካሽ አልነበረም፤ ዝሆኑ ከደጋው ጥግ እየራቀ በመሄዱ ዐፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ገደማ የዝሆንን አደን የሚገድብ ደንብ እስከ ማውጣት ደርሰዋል።

እንግዲህ ሥጋው የሚበላው ከጫካ ሳይሆን ከበረት ነው። በዚህም በኩል ቢሆን ጉዳዩ ከሆድ ይልቅ ወደ ማዕረግ ያደላል። በነገሥታቱና በመኳንንቱ ግብር ላይ ብርንዶ ተሸክመው የሚዞሩ አሳላፊዎች የሚቆሙት እንደ ተጋባዡ ደረጃ ነበር፤ አቀማመጡ፣ ጠጁና ብልቱ ሁሉ ወግ ነበረው። ሻኛው፣ ታላቁና ታናሹ፣ ሽንጡና ፍሪምባው ለማን እንደሚገባ የማያውቅ ሥጋ ቆራጭ አልነበረም። በሬው ሲበለት የኅብረተሰቡ መዋቅር በገበታ ላይ ተዘርግቶ ይታያል ማለት ይቻላል።

የውጭ ተጓዦችም በዚህ ገበታ መደነቃቸው አልቀረም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጥሬ ሥጋ በሐሞት ተነክሮ ሲበላ አይቶ ጽፏል። ከእርሱ 250 ዓመታት ያህል ዘግይቶ የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቁም ላም ላይ ሙዳ ሥጋ ሲቆረጥ አይቻለሁ ቢል የለንደን ሰዎች ውሸታም አሉት። ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ የጻፈውን ግን የተጠራጠረ አልነበረም። ኮሶ በእውነቱ የጥሬ ሥጋ ገበታ ደረሰኝ ነበር። ብርንዶ የሚያዘወትር ባላባት በየሁለት ወሩ ያህል ኮሶውን ይጠጣል፤ በዚያን ቀን እንግዳ አይቀበልም፣ ችሎት አይቀመጥም። ሥጋ ኃይል ይሰጣል የሚለው ወገን ይህችን ቀን በሒሳቡ ውስጥ ሲያስገባት ሰምተን አናውቅም።

አሁን ወደ ጾሙ ወገን እንለፍ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሰባት አጽዋማት አሉ። ከእነዚህ ታላቁ 55 ቀናት ያሉት ዐቢይ ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ለምእመኑ የሚደርሱት ቀናት በዓመት 180 ያህል ሲሆኑ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 የሚያደርሱ አሉ። በእነዚህ ቀናት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና ዕንቁላል አይቀመሱም። ይህን የሚያህል ሰፊ ክልከላ በአንድ ሕዝብ ላይ ምን ያስከትላል የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። አልቫሬዝ እንደ ጻፈው የዘይላው ገዥ መሐፉዝ ለ25 ዓመታት ያህል በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ይዘምት የነበረው ዐቢይ ጾምን እየጠበቀ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ወቅት ሰዉ በጾም ይደክማል። መሐፉዝ በ1509 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ተገደለ። ጾም ክንድን ያዝላል የሚለው ወገን ከዚህ የበለጠ ምስክር ሊያገኝ አይችልም። ጠላት ራሱ ዘመቻውን በጾም አቆጣጠር ላይ መሥርቶ ነበርና።

ነገር ግን ታሪክ በአንድ ምስክር አይፈርድም። የዐድዋን ቀን እንመልከት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበረ። በዚያ ዓመት ፋሲካ የዋለው መጋቢት 28 ቀን ስለ ሆነ ወደ ኋላ ቢቆጠር ዐቢይ ጾም ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ እሑዱም መጻጉዕ የሚባለው ነው። ያ ጦር እስከዚያ ቀን የተቸገረው በስንቅ እጥረት እንጂ ሥጋ በማጣት እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ የጠላትም ጦር በስንቅ ረገድ ከእርሱ አልተሻለም። ይህን ሰምቶ የጾሙ ወገን ድልን ለጾም ለመስጠት እንዳይቸኩል፣ 40 ዓመት ቆይቶ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደረገው የማይጨው ጦርነትም በዚያው በዐቢይ ጾም ውስጥ መዋሉን እናስታውሰዋለን። በአንድ ጾም ውስጥ ድልም ሽንፈትም ተገኘ። በማይጨው ላይ የወሰኑት አውሮፕላኑና የመርዝ ጢሱ ነበሩ፤ እነዚህን ብርንዶም ሆነ ሽሮ አይመክታቸውም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የመቻቻል ድምፅ አልነበረም ማለት አይደለም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1547 ዓ.ም. ከኢየሱሳውያን መምህራን ጋር በነበረው ሙግት በጻፈው የሃይማኖት መግለጫ ላይ የዕሪያን ሥጋ ነገር አንሥቷል። የሐዋርያው ጳውሎስን ትምህርት ጠቅሶ፣ የሚበላ የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ የሚያሳስብ አቋም ወስዷል። ከግራኝ ጦርነት ገና ያላገገመ ሀገር ንጉሥ ስለ ማዕድ በዚህ ለስላሳ ቃል መናገሩ የሚደነቅ ነው። ሌላም ነገር አለ። በሀገራችን ክርስቲያኑ እስላሙ የባረከውን ሥጋ፣ እስላሙም ክርስቲያኑ የባረከውን አይበላም፤ ሥጋ ቤቶችም እንደዚሁ ይለያያሉ። ሽሮና ምስር ግን ቢላዋ ስለማይነካቸው ባራኪ አይጠይቁም። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤታሞች ያለ ሐሳብ አብረው እጃቸውን የሚሰዱበት ገበታ የትኛው እንደ ሆነ የጉለሌ እናቶች ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ይሁን እንጂ እስከ አሁን የተሰሙት ሁለቱም ወገኖች አንድ ሰው ረስተዋል። እርሱም ገበሬው ነው። በቀድሞው ሥርዓት ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለ ርስት ይገብር ለነበረ ጭሰኛ፣ ዓመቱ በጾምና በፍስክ የተከፈለ አልነበረም። የፍስኩም ቀን ቢሆን ገበታው ላይ የሚቀርበው ያው ሽሮ ነው፤ ልዩነቱ ቅቤ ጠብ ካለችለት ነው። ሥጋ የሚያገኘው በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀል፣ በሠርግና በተዝካር ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን እስኪያከትመው ድረስ፣ ሥጋን መተው ወይም አለመተው የሚለው ጥያቄ ሊተወው የሚችል ሥጋ ያለው ሰው ጥያቄ ነበር። የዚህ ገበሬ ዋና ሀብቱ ጥንድ በሬው ነው። አንድ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። በሬው ለእርሱ ሥጋ አይደለም፤ የሽሮው ምንጭ ነው። የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ካልታረሰ አይሆንም፤ ሽምብራውና አተሩም የሚዘሩት በሬ በገመሰው መሬት ላይ ነው። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነ በግልጽ የታየው እዚሁ ከጉለሌ በላይ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው።

አካባቢው ስሙን ያገኘው የቱለማ ኦሮሞ ክፍል ከሆኑት ከጉለሌዎች ነው፤ ቤተ መንግሥት ከመምጣቱ በፊት ከብታቸውን ያሰማሩበት የነበረ መሬት ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ሲመረቅ በእቴጌ ጣይቱ አዛዥነት የተሰናዳው ግብር ለቀናት የቆየ ሲሆን፣ ከ5,000 የማያንስ በሬ፣ ላም፣ በግና ፍየል እንደ ታረደበት ከዘመኑ ታሪክ የተገኘው መዝገብ ያሳያል። የዚያ ድግስ ጢስ ወደ ታች ወደ ጉለሌ ሜዳ ሲወርድ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ሜዳ ላይ አንድ በሬ ማግኘት ብርቅ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

በ1880 ዓ.ም. ግድም ለጣሊያን ጦር ተብሎ በምፅዋ በኩል ከገባ ከብት ጋር አንድ በሽታ ወደ ሀገር ገባ። ገበሬው በኋላ ደስታ ብሎ የጠራው ይህ የከብት በሽታ (ስሙን ያወጣለት ሰው ከምሬት የተነሣ ይመስላል) ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ሰደድ እሳት ነጐደ። በብዙ ስፍራ ከ10 ከብት 9ኙ እንደ ሞተ ይገመታል። ድርቅና አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ተከታትለው መጡ። እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ይህ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ፤ ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስተውል እንጠይቃለን። በሽታው ሰውን አልነካም፤ እህልንም አልነካም። የገደለው ከብትን ብቻ ነው። የጾሙ ወገን ክርክር እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ያለ ሥጋ ለ180 ቀናት መኖር የለመደ ሕዝብ ቀሪዎቹንም 185 ቀናት ጾሞ ክፉውን ቀን ባሳለፈ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሬው በሞተ በዓመቱ ማሳው ጦም አደረ፤ ማሳው ጦም ባደረ ጊዜ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ እንጀራውም ከገበታ ጠፋ። ሥጋ የጠፋበት ቀንና ሽሮ የጠፋበት ቀን አንድ ሆነ። ሕዝቡ ቅጠልና ሥር ፈልጎ በላ፤ ቁርበት ቀቅሎ በላ፤ ቀድሞ ርኩስ ያለውን የአህያና የፈረስ ሥጋ እስከ መብላት ደረሰ። ወይጦን ጉማሬ በላህ ብሎ የናቀው ኅብረተሰብ፣ ረኀብ በመጣ ጊዜ የንቀቱ መሠረት ምን ያህል ስስ እንደ ነበረ አየ።

ምኒልክ በዚያ ጊዜ ያደረጉት በብዙ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። ዶማ ይዘው በእጃቸው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ነውር አድርጎ ይቆጥር ለነበረ የጦር መደብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አድናቂዎቻቸው የንጉሡን ትሕትና ያነሣሉ። እኛ ግን ዶማውን ብንመለከት እንመርጣለን። ዶማ የተነሣው በሬ ስላልነበረ ነው። በእንጦጦ ላይ ብልት እየለዩ ሲመገቡ የነበሩት እጆች፣ ብልቶቹ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ራሳቸው ሠሩት። ያ በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው።

ከእንጦጦ ወደ ታች ወርደን የዘመናዊው ሳይንስ ምስክርነት የሚሰጥበትን ስፍራ ስናይ፣ እርሱም በጉለሌ ነው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው፣ በ1940ዎቹ በፓስተር ተቋምነት የተጀመረው ግቢ፣ በ1980ዎቹ ማብቂያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩትን ከጤና ምርምር ጋር ያጣመረ ተቋም ሆነ። የሥነ ምግቡ ሥራ መነሻ በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ነበር። ይህ ክፍል የሀገሪቱን ምግቦች ይዘት በሠንጠረዥ አጠናቅሮ በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሳተመ፤ ጡት ለሚያስጥሉ እናቶችም ከስንዴ፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀውን ፋፋ አስገኘ። የፋፋን ስም ማን እንዳወጣው ባይነገርም፣ ከምርቃት ያልተለየ ግሩም ስም ነው። የሁለቱን ወገኖች ክርክር በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ያስታረቀም ይመስለናል፤ አብዛኛው ከማሳ፣ ጥቂቱ ከላም።

ሳይንሱ ለጾም ገበታ ብዙ መሰከረለት። ጥራጥሬ እህል የሚያጥረውን የፕሮቲን ክፍል ያሟላል፤ ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የሊጡ መቡካትም አካል ከእህሉ ማዕድናት የሚያገኘውን ያሳድገዋል። ግን ጉድለቱንም አልደበቀም። ቫይታሚን ቢ 12 ከእንስሳት ተዋጽኦ በቀር አይገኝም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሕፃናትና ለሕመምተኞች የሚራራ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ፈቃዱን ሳይጠቀሙበት ሲጾሙ መታየታቸው በዘርፉ ለሚሠሩ ሁሉ አሳሳቢ ነው። በዚህ ላይ ጓያ አለ። በደንቢያና በፎገራ በመሳሰሉት አካባቢዎች ድርቅ የሚቋቋመው ይህ ጥራጥሬ፣ ሌላው እህል ባለቀበት ዓመት ለወራት ብቻውን ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። በጓያ የተሰበረ ገበሬ ምርኩዝ ይዞ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ከምድር የበቀለ ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለውን አነጋገር አይደግምም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስገረመን ግን የጤፍ ብረት ነገር ነው። ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው መባሉ በየቤቱ የታወቀ ነው። በ1972 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጤፉን በጥንቃቄ አጥበው ሲመረምሩት የብረቱ መጠን በእጅጉ ቀንሶ አገኙት። ለካ ከብረቱ ብዙው ከእህሉ ሳይሆን ከአፈሩ ነበር፤ ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ኮቴ ሲበራይ አፈሩ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። አካል ከዚያ ብረት ምን ያህሉን ይጠቀምበታል የሚለው የራሱ ጥያቄ አለው። ቢሆንም የጾሙ ወገን የገበታዬ ጌጥ ነው እያለ በሚመካበት እንጀራ ላይ የበሬው ኮቴ ማኅተም አርፎበት ተገኘ።

የፋሲካ ዋዜማ ወደ ሸጎሌ የወጣ ሰው ሌላ ነገር ያያል። ከሚሸጡት ሰንጋዎች ብዙዎቹ ለሥጋ ተብለው የተወለዱ አይደሉም። ለዓመታት አርሰው፣ አውድማ ዞረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ገበሬው ጥቂት አደልቦ ያወጣቸው ናቸው። ለ55 ቀናት ሽሮ ሲበላ የቆየው ገዢ በዙሪያቸው እየዞረ ሽንጣቸውን ይዳብሳል፣ ጥርሳቸውን ያያል። በመጨረሻ እጁ የሚያርፈው ሻኛው ላይ ነው፤ በግብሩ ዘመን ለከበረ ሰው ይቀርብ የነበረው፣ ዛሬም በጥሬው በሚቆረጥበት ቤት ቀድሞ የሚጠየቀው ብልት ነው። ከሻኛው ፊት ለፊት፣ ማጅራቱ ላይ፣ ጠጉሩ የተመለጠና ቆዳው የደደረ ስፍራ አለ። ቀንበሩ ያርፍ የነበረው እዚያ ነው።